አርክቴክቸር፣ ሲቪል፣ ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት፣ ፕላኒንግ ወይስ ኢንቴሪየር? ህንጻ መስራት ለምትፈልጉ ልጆች

ልጆችን "ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ" ስትሏቸው "ህንጻ መስራት" የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ቤተሰብም ወዲያው "አሃ ኢንጂነር ማለት ነው" ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ግን ህንጻ ላይ የሚሰራው ሙያ አንድ አይደለም እኮ፣ ቢያንስ አምስት አለ፣ አምስቱም አንድ ሳይት ላይ ቆመው የሚያዩት ነገር ይለያያል፣ እንቅልፍ የሚነሳቸው ነገርም ይለያያል። ስለዚህ የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ይሄን አንብቡት። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ አርክቴክት ነኝ፣ ወደ ራሴ ሙያ ትንሽ ባደላ አትፍረዱብኝ፣ ብዙ ልጆች እንዲገቡበትም እፈልጋለሁ። ግን የማይሆነውን ሰው መጎተት አልፈልግም፣ ያለ ቦታው ገብቶ አመታት የሚሰቃይ ልጅ ማየት ደስ አይልም።

ትርጉም ከምደረድር በአንድ ነገር እንየው። አንዲት ባለ አንድ ፎቅ ክሊኒክ ልትሰራ ነው እንበል፣ ከሷ ውስጥ ደረጃዋን ብቻ እንውሰድ።

አርክቴክት ጋ ደረጃው የሚጀምረው ከሰው ነው። ማን ነው የሚወጣው? እርጉዝ ሴት፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ፣ ህጻን የታቀፈ አባት፣ ቃሬዛ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች። ቃሬዛው ማረፊያው ላይ መዞር ይችላል ወይ? ከዛ ወደ ቁጥር ይገባል፣ ከወለል እስከ ወለል ያለው ከፍታ 306 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 18 ቦታ ሲካፈል እያንዳንዱ ደረጃ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ መርገጫውን 29 ብታደርጉት ደሞ አንድ የድሮ ቀመር አለ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ብሎንዴል የሚባል ፈረንሳዊ ከሰው እርምጃ ተነስቶ ያወጣው፣ ከፍታውን ሁለት ጊዜ ወስዳችሁ መርገጫውን ትደምራላችሁ፣ ውጤቱ ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከመጣ እግር ይመቸዋል። የኛ 63 መጣ፣ አሪፍ። ግን 17 መርገጫ (የመጨረሻው መርገጫ የላይኛው ወለል ራሱ ስለሆነ ከ18ቱ አንድ ይቀነሳል) በ29 ሲባዛ 493 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ወደ 5 ሜትር ርዝመት ማለት ነው፣ እሱ ከየት ይምጣ? ከመጠበቂያ ክፍሉ ከወሰዳችሁ ሰው ኮሪደር ላይ ይቆማል፣ ኮሪደሩ ከተጨናነቀ ቃሬዛው አያልፍም፣ ደረጃውን መሀል ላይ አጥፈን እንመልሰው ካላችሁ ደሞ ስፋቱ እጥፍ ይሆናል፣ በዚህ መሀል ዊልቸር ትዝ ይላችኋል። የመግቢያው በር ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለና ራምፑ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) በብዙ ቦታ እንደሚሰራበት 1 ለ12 ከሆነ፣ ማለትም 1 ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት፣ 7.2 ሜትር ራምፕ ያስፈልጋችኋል። እዚህ ጋ ነው ጥሩ አርክቴክት የሚለየው፣ ራምፑን ዝም ብሎ አይለጥፍም፣ "ቆይ በሩ ለምንድነው 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለው? ለምንስ በሽተኛ ፎቅ ይወጣል? ህክምናው በሙሉ ምድር ላይ ሆኖ ፎቁ ለቢሮ ቢሆንስ?" ይላል። አያችሁ፣ ከደረጃ ተነስቶ ጠቅላላ ፕላኑ ተገለበጠ። ይሄ መገለባበጥ የሚያናድዳችሁ ሳይሆን የሚያጓጓችሁ ከሆነ ማንበባችሁን ቀጥሉ።

ሲቪል ኢንጂነር ጋ፣ በተለይ ስትራክቸር (የህንጻውን ተሸካሚ አጥንት) የሚሰራው ጋ፣ ያው ደረጃ ጋደም ያለ ሶለታ፣ ማለትም የኮንክሪት ንጣፍ ነው። ስንት ሰው አንዴ ሊቆምበት ይችላል፣ ውፍረቱ ስንት፣ ፌሮው ስንት ቁጥር፣ በስንት ሳንቲ ሜትር ልዩነት። ከሁሉም የምወደው ምሳሌ ይሄ ነው፦ ደረጃው ሽቅብ ወጥቶ ከላይኛው ማረፊያ ጋር የሚገናኝበት እጥፋት ላይ የታችኛው ፌሮ እጥፋቱን ተከትሎ አብሮ ከታጠፈ፣ ጭነት ሲመጣበት ቀጥ ልበል ይላል፣ ቀጥ ልበል ሲል ከስር ያለውን ኮንክሪት ገፍትሮ ይጥለዋል። ስለዚህ ፌሮው መታጠፍ የለበትም፣ አንዱ ቀጥ ብሎ አልፎ፣ ሌላውም ከወዲያ ቀጥ ብሎ መጥቶ ተሻግረው ኮንክሪቱ ውስጥ ይያዛሉ። ከተለሰነ በኋላ ይሄን ማንም አያየውም። ማንም በማያየው ነገር ትክክል መሆን የሚያረካው ሰው ሲቪል ይግባ፣ ከልቤ ነው የምለው።

ኮንስትራክሽን ማኔጀሩ ደሞ ደረጃው የሚሞላበትን ቀን ነው የሚያስበው። ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ደርሷል ወይ፣ ከተሞላ በኋላ ድጋፉ መቼ ይነሳል፣ ያ እስኪሆን ሰራተኛው በምን ይወጣል። ደሞ አንድ የታወቀ ጣጣ አለ፣ ደረጃው ከተሞላ በኋላ ታች ወለሉ ላይ ሴራሚክና ከስሩ ያለው ሙሌት 5 ሳንቲ ሜትር ሲጨምር የመጀመሪያው ደረጃ ከ17 ወደ 12 ይወርዳል፣ እግር ደሞ ደረጃ ስትወጡ አይን ሳያማክር ነው የሚሄደው፣ አንዱ ደረጃ ከሌላው ሲለይ ሰው ይደናቀፋል። የወለሉ ማጠናቀቂያ ስንት እንደሆነ ቀድሞ ጠይቆ ሂሳብ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ሳይት ላይ ወርቅ ነው።

ኢንቴሪየር ዲዛይነሩ የመርገጫው ጠርዝ እንዳያንሸራትት፣ ማታ መብራቱ ጥላ እንዳይጥልበት፣ መደገፊያው እጅ ሲይዘው ምን እንደሚል ያያል። የከተማ ፕላነሩ ደረጃውን ጭራሽ አያየውም፣ ክሊኒኳ ራሷ ካርታ ላይ ትንሽ ነጥብ ነች፣ የሱ ጥያቄ ከአውቶብስ የሚወርድ ሰው በእግሩ ስንት ደቂቃ ሄዶ ይደርሳል፣ ቀጣዩ ክሊኒክስ የት ነው የሚል ነው።

አሁን ከነዚህ አምስት የቱ ጋ ስትደርሱ ነው ቀና ብላችሁ ያነበባችሁት? እሱን ያዙትና ወደ ንጽጽሩ እንሂድ።

አርክቴክቸር እና ሲቪል

ሰው በብዛት የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። "ሒሳብ ከወደድክ ሲቪል፣ ስዕል ከቻልክ አርክቴክቸር" የሚባለው ነገር ግማሽ እውነት ነው። አርክቴክቸር ውስጥ ሒሳብ አለ፣ ስትራክቸርና ቢዩልዲንግ ፊዚክስ (ሙቀት፣ ድምጽና ብርሃን ህንጻ ውስጥ ምን እንደሚሆኑ) ትማራላችሁ፣ ግን ካልኩለስ ውስጥ ሰጥማችሁ አትከርሙም፣ ጂኦሜትሪና በአይነ ህሊና ነገር ማዟዟር ነው የበለጠ የሚፈለገው። ዛሃ ሀዲድ በመጀመሪያ ዲግሪዋ ቤሩት ውስጥ ሒሳብ ነበር ያጠናችው፣ ከዛ ነው ለንደን ሄዳ አርክቴክቸር የተማረችው፣ በ2004 ፕሪትዝከር የሚባለውን የሙያው ትልቁን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ስዕል ደሞ ይለመዳል። ትምህርት ቤት የሚፈልገው ፊት አሳምሮ የሚስል ሰው አይደለም፣ ያሰበውን ነገር በመስመር ማስረዳት የሚችል ሰው ነው፣ እጃቸው ጎበዝ ሆኖ ሀሳብ የሌላቸው ልጆች ስቱዲዮ ውስጥ ከማንም በላይ ይቸገራሉ።

ትክክለኛው ልዩነት ያለው የጥያቄው አይነት ላይ ነው። ሲቪል ውስጥ ጥያቄው ተሰጥቷችሁ መልሱን ታገኛላችሁ፣ ከአንድ በላይ መፍትሄ ቢኖርም ቢሙ (አግዳሚ ተሸካሚው) ይሸከማል ወይ አይሸከምም፣ ማረጋገጥ ይቻላል። አርክቴክቸር ውስጥ ጥያቄውን ራሱ እናንተ ናችሁ የምታስተካክሉት፣ ሃያ ተማሪ አንድ ሳይት ተሰጥቶት ሃያ የተለያየ ህንጻ ይዞ ይመጣል፣ አስራ አምስቱ ልክ ሊሆን ይችላል። "ታዲያ የቱ ነው ትክክል?" ብሎ የሚጨነቅ ሰው አለ፣ ለሱ አርክቴክቸር ቅጣት ነው።

አንዱ ካንዱ ይበልጣል ምናምን የሚሉትን ግን አትስሟቸው። ቺካጎ ያለው 442 ሜትሩ ሲርስ ታወር (አሁን ስሙ ተቀይሯል) የአርክቴክቱ ብሩስ ግራሃምና ዳካ የተወለደው ኢንጂነር ፋዝሉር ካን የጋራ ስራ ነው፣ ዘጠኝ ቱቦ የሚመስሉ ፍሬሞች አንድ ላይ ታስረው አንዱ ሌላውን እየደገፈ ነው የቆመው፣ ያ የኢንጂነሩ ሀሳብ ነው የህንጻውን መልክ የሰጠው። የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ደሞ በተቃራኒው ነው፣ አርክቴክቱ ዮርን ኡትዞን በ1957 የዲዛይን ውድድሩን ሲያሸንፍ ጣሪያው እንዴት እንደሚቆም ማንም አላወቀም ነበር፣ ከኦቭ አሩፕ ኢንጂነሮች ጋር አመታት ከፈጀ በኋላ ነው ሁሉም የጣሪያ ቅርፊቶች ከአንድ ሉል ላይ ተቆርጠው እንዲወጡ ተደርጎ የተፈታው፣ አንድ ሉል ከሆነ ክፍሎቹን እየደጋገሙ ማምረት ይቻላላ። መጀመሪያ 7 ሚሊየን የአውስትራሊያ ዶላር የተባለው 102 ሚሊየን ፈጅቶ በ1973 ተከፈተ፣ ኡትዞን ራሱ በ1966 ተጣልቶ ጥሎት ሄዷል። ይሄን ታሪክ ስትሰሙ "ምን አይነት እብደት ነው" ካላችሁ ሲቪል ወይም ማኔጅመንት፣ "እኔም እንደዛ አይነት ነገር ላይ ብሰራ" ካላችሁ ደሞ… ታውቁታላችሁ።

ስቱዲዮ የሚባለው ነገር

ስለ አርክቴክቸር ትምህርት ቀድሞ የማይነገር ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ዋናው ኮርስ ክፍል ቁጭ ብሎ መስማት አይደለም፣ ስቱዲዮ ነው። ፕሮጀክት ይሰጣችኋል፣ ስኬች ታደርጋላችሁ፣ በካርቶን ሞዴል ትሰራላችሁ፣ አስተማሪው ጠረጴዛችሁ ላይ መጥቶ ያየውና "ይሄ አልሄደም፣ እንደገና" ይላችኋል። እንደገና ትሰራላችሁ። መጨረሻ ላይ ጁሪ አለ፣ ስራችሁን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ከፊቱ ትቆማላችሁ፣ አስተማሪዎችና ከውጪ የተጋበዙ አርክቴክቶች ሰው ሁሉ እየሰማ ይተቹታል፣ አንዳንዱ ትችት ይጠቅማል አንዳንዱ ሰውየው የራሱን እውቀት ለማሳየት የሚያወራው ነው፣ ሁለቱን መለየት ራሱ ትምህርት ነው። ሌሊት ሙሉ አለመተኛትን እንደ ጀግንነት የሚያወሩ ተማሪዎች አሉ፣ አትመኗቸው፣ አብዛኛው የጊዜ አጠቃቀም ችግር ነው፣ ግን ስራው ከሌላው ዲፓርትመንት እንደሚበዛ አልዋሻችሁም። ሲቪል የሚማረው ጓደኛችሁ ፈተና ጨርሶ ይተኛል፣ እናንተ ሞዴል ስትቆርጡ ትገኛላችሁ።

እዚህ ላይ ነው ምርጫው የሚለየው። ጥያቄው "ጎበዝ ነኝ ወይ" ሳይሆን "የሰራሁትን ሰው ሲያፈርሰው ነገ ጠዋት ተነስቼ እንደገና እጀምረዋለሁ ወይ" ነው። ዛሃ ሀዲድ ስዕሎቿ ሲደነቁ አንድም ህንጻ ሳይሰራላት ብዙ አመት አልፏል፣ "የወረቀት አርክቴክት" ይሏት ነበር፣ ከሰራቻቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ቪትራ የእሳት አደጋ ጣቢያ ያለቀው በ1993 ነው፣ ተወልዳ 43 አመት ገደማ ሲሆናት።

ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት

ሰው ማስተባበር የምትወዱ፣ ስልክ ማውራት የማይደክማችሁ፣ ሳይት ላይ አቧራው የማያስጠላችሁ፣ ዛሬ የተጀመረ ነገር ማታ አልቆ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ይሄን ምረጡ፣ በቃ። አርክቴክት የሰራውን እስኪያይ አመታት ሊጠብቅ ይችላል፣ ማኔጀሩ ግን በየቀኑ ያያል። ጉዳቱ ዘግይቶ የመጣ ሲሚንቶ የእናንተ ጥፋት ነው፣ ዝናቡም የእናንተ ጥፋት ነው።

ከተማ ፕላኒንግ

ይሄኛው በጣም የተረሳ ነው። ካርታ፣ ዳታ፣ ህግ፣ ፖለቲካ፣ ትራንስፖርት የሚስብ ሰው አርክቴክቸር ገብቶ "ህንጻው በዛብኝ፣ ዙሪያውን ነው የምወደው" ሲል ይገኛል። ልዩነቱን ለማየት ብራዚሊያን ተመልከቱ፣ ከተማዋን ያቀደው ሉሲዮ ኮስታ ነው፣ ዋና ዋና ህንጻዎቿን የሰራው ኦስካር ኒሜየር ነው፣ በ1960 ተመረቀች። ህንጻዎቹን አለም አሁንም ያደንቃል፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ርቀቱ ይገድለዋል፣ ለመኪና ነው የታሰበችው። የፕላነር ስህተት ቀለም ተቀብቶ አይሸፈንም፣ ትውልድ ነው የሚሄድበት። ዝም ብሎ ሪፖርት መጻፍና ስብሰባ መቀመጥም ብዙ እንዳለው እወቁ።

ኢንቴሪየር እና 3ዲ

ውጤት ቶሎ ማየት፣ ከለር፣ ጨርቅ፣ እንጨት፣ መብራት ለሚወድ ኢንቴሪየር ጥሩ ነው፣ ትምህርቱም በብዛት ያጥራል። ግን በብዙ አገር ህንጻ ዲዛይን አድርጎ የመፈረም ፈቃድ አይሰጥም፣ "አርክቴክት" የሚለው መጠሪያ ራሱ በህግ የተጠበቀባቸው አገሮች አሉ፣ ስለዚህ አጭር መንገድ ነው ብላችሁ ገብታችሁ በኋላ እንዳትናደዱ። 3ዲ ሬንደር (ገና ያልተሰራ ህንጻ የኮምፒውተር ምስል) ብቻ የሚሰሩ ሰዎችም አሉ፣ ገንዘቡ ቶሎ ይመጣል፣ ሶፍትዌሩን ማንም ከዩቲዩብ ሊለምደው ይችላል፣ ችግሩም እሱ ነው፣ ማንም ሊለምደው ይችላል። አሁን ደሞ ኤአይ በሰከንድ የሚያምር ምስል ያወጣል። "ታዲያ አርክቴክት ምን ይሰራል?" ለምትሉ፣ ያን ምስል አምጡና ሽንት ቤቱ የት ነው፣ ውሃው በየት ይወርዳል፣ እሳት ቢነሳ ሰው በየት ይወጣል በሉት። ምስል ማሳመር ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ግን ስጋቱ እውነተኛ ነው።

ጊዜ እና ገንዘብ

አልደብቅም፣ አርክቴክቸር ረጅም ነው። አሜሪካ ፕሮፌሽናል የመጀመሪያ ዲግሪው በብዛት 5 አመት ነው፣ ከዛ ፈቃድ ለማግኘት 3740 ሰዓት የተመዘገበ ልምምድና 6 ክፍል ያለው ፈተና አለ። እንግሊዝ ፓርት 1፣ 2፣ 3 የሚባለውን መንገድ ለመጨረስ በተለምዶ ቢያንስ 7 አመት ነው። በየአገሩ ይለያያል፣ የራሳችሁን ጠይቁ፣ ግን ከሌሎቹ አራቱ በብዛት ይረዝማል። መጀመሪያ የምታገኙት ደሞዝ ደሞ ለዛ ሁሉ አመት የሚመጥን አይመስልም፣ ቀስ እያለ ነው የሚያድገው። ሌላ ደሞ ማንም የማይነግራችሁ፣ ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቆመው ዲዛይን ነው፣ የተጀመረ ህንጻ ይቀጥላል፣ ያልተጀመረ ፕሮጀክት ግን ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ሲቪልና ማኔጅመንት ከአርክቴክት ዘግየት ብለው ነው የሚጎዱት። ቤተሰብ ማስተዳደር ያለበት፣ ቶሎ ገቢ የሚያስፈልገው ልጅ ይሄን በሂሳብ ቢያስገባ አያሳፍርም።

በሌላ በኩል ግን ከአርክቴክቸር የሚወጣ ሰው ብዙ ቦታ ይገባል፣ የፈርኒቸር ዲዛይን፣ የፊልም መቅረጫ ቦታ ዲዛይን፣ የጌም አለም፣ ኤግዚቢሽን፣ ሪል ስቴት፣ ቅርስ እድሳት። ከባዶ ነገር ተነስቶ ሀሳብን ወደ ስዕል፣ ስዕልን ወደ ውሳኔ ማድረስ የትም ያሰራል።

"እንደኔ አይነት ሰው ይሰራዋል ወይ" የምትሉም አላችሁ፣ ሀብታም ቤተሰብ ካልሆነ አይቻልም የምትሉ። ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬን ልንገራችሁ። በ1965 ቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር ተወለደ፣ መጀመሪያ አናጺነት ነው የተማረው፣ በስኮላርሺፕ ጀርመን ሄዶ ቆይቶ በርሊን አርክቴክቸር ገባ፣ ገና ተማሪ እያለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሰራ፣ በ2001 አለቀ። ያደረገውን እዩት፦ ግድግዳው ትንሽ ሲሚንቶ የተቀላቀለበት የጭቃ ብሎክ ነው፣ የመንደሩ ሰው ራሱ ነው ያመረተው። ቆርቆሮ ጣሪያ ክፍልን እንደ ምድጃ ያግላል አይደል? እሱ ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ አለያይቶ ወደ ላይ አነሳው፣ የተሸከመውም ከተራ ፌሮ ተበይዶ የተሰራ ፍሬም ነው፣ ኮርኒሱ አየር ያሳልፋል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሀል በሚነፍሰው ንፋስ ይወሰዳል። ኤርኮንዲሽነር የለም። በ2022 ፕሪትዝከር ሲሸለም ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ጃፓናዊው ታዳኦ አንዶ ደሞ ቦክሰኛ የነበረ፣ አርክቴክቸር ትምህርት ቤት ያልገባ፣ በራሱ የተማረ ሰው ነው፣ በ1995 ተሸልሟል፣ ግን እሱን እንደ ፕላን አትውሰዱት፣ ዛሬ በብዙ ቦታ ያለ ዲግሪ ፈቃድ አይሰጥም።

እሺ እኔ የቱ ነኝ?

ካላወቃችሁ አንድ ነገር ሞክሩ፣ ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ በቂ ነው። የምትኖሩበትን ቤት ለኩና በ1 ለ50 ሳሉት፣ 1 ሜትር ወረቀቱ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ግድግዳውን ከነውፍረቱ፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ አልጋው የት እንዳለ። ከዛ ቤቱን በቢላ ለሁለት እንደቆረጣችሁት አድርጋችሁ ሴክሽን ሳሉ፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል፣ ጣሪያው ከውስጥ ምን እንደሚመስል አይተነው አናውቅማ። ቀጥሎ አንድ ችግር ምረጡ፣ ለምሳሌ ከሰዓት ላይ የሚግለውን ክፍል፣ ወይም ሁሉም ሰው የሚጋጭበትን ኮሪደር፣ እና ሦስት የተለያየ መፍትሄ ሳሉለት። ሦስት፣ አንድ አይደለም። ለሚኖርበት ሰው አሳዩትና የሚለውን ስሙ፣ ከዛ የወደዳችሁትን ጥላችሁ አራተኛ ሳሉ።

ስትስሉ "ይሄን ግድግዳ ባፈርሰው ጣሪያው ይወድቃል ወይ" የሚለው ከያዛችሁ ሲቪል ይጠራችኋል። "ይሄ ስንት ይፈጃል፣ ማን ይሰራዋል፣ ስንት ቀን" ካላችሁ ማኔጅመንት ነው። ከቤቱ ወጥታችሁ መንገዱንና ሰፈሩን መሳል ከጀመራችሁ ፕላኒንግን አስቡበት። መጋረጃና መብራቱ ላይ ከቆያችሁ ኢንቴሪየር። አራተኛውን ስትስሉ እራት ቀዝቅዞ ከተገኘ አርክቴክቸር ሙሉት፣ ወረቀቶቹንም አትጣሏቸው፣ የተበላሹትን ጭምር ቀን ጽፋችሁ ፎቶ አንሷቸው፣ ፖርትፎሊዮ (የስራዎቻችሁን ስብስብ) የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች ካለቀው ስዕል እኩል ከአንዱ ሀሳብ ወደ ሌላው እንዴት እንደሄዳችሁ ማየት ይፈልጋሉ።